ሳይታይ የተዘጋ ካምቢዮ

«ቅዳሜ እመጣለሁ አባዬ። ሁለት ቀን ሳይፈጅብኝ አይቀርም፤ ቦታ አዘጋጅልኝ።»

ልጁ ይህን ብሎ ስልኩን ዘጋ። ጋሽ ካምቢዮም ቦታ አዘጋጁ።

ከጋራዡ ጀርባ ያለችውን ክፍል ከፈቱ። ልጁ ያደገባት ክፍል ናት። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ግን የተላጡ ጎማዎች፣ የሞቱ ባትሪዎችና አንድ የተሰነጠቀ ራዲያተር ወርሰዋት ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ እየጎተቱ አወጡ። ወለሉን በሳሙና አጠቡት፤ የዘይቱ ጠባሳ አልለቅ ሲላቸው በቤንዚን ደገሙት። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጡ። ከሣጥን ውስጥ ሚስታቸው አጥፋ ያስቀመጠችውን ነጭ አንሶላ አውጥተው አጠቡና በጋራዡ ደጃፍ በተወጠረው ሽቦ ላይ ሰቀሉት። ሁሉም ነገር ዘይት በጠጣበት በዚያ ግቢ ነጭ ነገር መስቀል እንግዳ ነበርና መንገደኛው ሁሉ ዘወር እያለ አየው።

ከጎናቸው ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ አንገቱን ብቅ አደረገ። ወሬ የማያልቅበት፣ ልቡ ግን ደግ የሆነ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜህ ሙሽራ ልታስገባ ነው እንዴ?»

«ልጄ ሊመጣ ነው።»

«አጅሬ? አጅሬ ራሱ?»

«ሁለት ቀን እሆናለሁ ብሏል። ቦታ አዘጋጅልኝ አለኝ።»

ጎሚስታው ቀልድ ከአፉ ላይ ነበር፤ መልሶ ዋጠው። «እሰይ» ብቻ አለና ወደሚለጥፈው የጎማ ከመነዳሪ ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጁ መጣ። መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በመስኮት አንገቱን አወጣ። ጋሽ ካምቢዮ የክፍሏን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ወጡ።

«ምነው አባዬ፣ ጉድጓዱ ላይ ቫን ቆሟል? ቦታ አዘጋጅልኝ አላልኩህም እንዴ?»

ጋሽ ካምቢዮ ወደ ቫኑ አዩ፤ ቫኑ የቆመበትን፣ መካኒክ ከመኪና ሥር ቆሞ የሚሠራበትን ጉድጓድ አዩ። ከዚያ ቁልፉን በቱታቸው ኪስ ከተቱት።

«አሁን እናነሣዋለን» አሉ።

ቫኑን ሲገፉ ጎሚስታው ሊያግዝ መጣ። ትከሻውን ከትከሻቸው አስጠግቶ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ አንሶላውን ከአልጋው ገፈን ለመኪናው እናልብሰው እንዴ?» አላቸው።

«ዝም ብለህ ግፋ።»

ጋሽ ካምቢዮ የሚለው ስም የተሰጣቸው ከካምቢዮ፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ በቀር ሌላ የመኪና አካል ነክተው ስለማያውቁ ነው። ሞተር የታመመበት ወደ ሌላ ይሄዳል፤ መብራት የጠፋበት ወደ ሌላ ይሄዳል። ማርሽ አልገባ ያለው፣ ሲቀይር የሚንቋቋበት፣ በዳገት ላይ ማርሽ የሚያመልጠው ግን ወደ እሳቸው ይመጣል። ሌላም የሚታወቁበት ነገር ነበር። የማንንም ካምቢዮ ባለቤቱ ሳያየው አይዘጉም። ሠርተው ሲጨርሱ ሽፋኑን ከመግጠማቸው በፊት ባለቤቱን ይጠሩና፣ «እየው። ከዘጋሁት በኋላ እኔም አላየውም» ይላሉ። ባለቤቱ ጥርስ ይሁን ኩሽኔታ ባይለይም ግድ የላቸውም። አንድ ጊዜ አንድ ባለ ከረባት ሰውዬ ስብሰባ ረፈደብኝ ብሎ እግሩን እያማታ ሳለ፣ «እንግዲያው ከስብሰባው ስትመለስ እዘጋዋለሁ» ብለውት ጎንበስ ብሎ አይቶ ሄዷል። ከረባቱ ዘይት ነክቶ ነው የሄደው።

ልጁ ግን ከመጣ ዘመን ሆኖት ነበር። ይህችኑ መኪና የገዛ ሰሞን በደስታ እየነዳ ለአባቱ ሊያሳይ መጥቶ ነበር፤ ጓደኞቹን አስከትሎ። ጋሽ ካምቢዮ አንድ ጊዜ ዞሯት፣ ዝቅ ብለው ሥሯን አዩ፣ ከዚያ በሰው ፊት፣ «ይሄ ቆርቆሮ ነው፤ መልሰው» አሉ። ልጁም ነድቶ ሄደ፤ ቀረ። ሚስታቸው በሕይወት ብትኖር ይህ አይሆንም ነበር። እሷ የሁለቱ አስተርጓሚ ነበረች። አባትየው «አይሆንም» ሲሉ፣ «ፈርቶልህ እኮ ነው ልጄ» እያለች ትተረጉም ነበር። ልጁ በሩን ወርውሮ ሲወጣ፣ «አፍሮ እኮ ነው፣ ይመለሳል» እያለች ትተረጉም ነበር። እሷ ስትሞት ሁለቱ በየቋንቋቸው ቀሩ።

ልጁ ከመኪናው ኋላ አንድ ትንሽ ካርቶን አወጣ። ካርቶኑ ላይ የሠራው ድርጅት ስም የለም። ውስጡ ሁለት ወፍራም የብረት ቁራጮችና አጫጭር ሞላዎች ነበሩ።

«ይኸውልህ» አለ፤ ዓይኑ እየበራ። «መኪናዬ ዳገት ላይ ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ? አንዱ ጎማዋ እንደ ሥራ ፈት በቦታው ይሽከረከራል፤ ሌላው ቆሞ ያየዋል። ይሄ ሁለቱን ያስተሳስራል። ክረምቱ ሲወጣ የመኪና እሽቅድድም ክለቡ ሾፌሮች ሊመርጥ ነው፤ የጭቃ ዳገት ነው የምንፈተነው። ይህን ካስገባህልኝ የሚቀድመኝ የለም።»

ጋሽ ካምቢዮ ሊነገራቸው አያስፈልግም ነበር። ዲፈረንሻል የሚባለው ነገር በካምቢዮው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የፊት ጎማዎች ያከፋፍላል። መኪና ስትታጠፍ የውጩ ጎማ ብዙ መንገድ ስለሚሄድ እንዲቀድም ይፈቅድለታል። መልካም ነገር ነው፤ ግን አንድ ክፉ አመል አለበት። ጉልበቱን ሁልጊዜ ለቀለለው ጎማ ነው የሚሰጠው። አንዱ ጭቃ ላይ ከዋለ ያለው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፤ መሬት ቆንጥጦ የያዘው ባዶ እጁን ይቀራል። ይህን አመል የሚገራ ዲፈረንሻል አለ። የዋናው ዋጋ ግን የሚቀመስ አይደለም። ልጁ ያመጣው የድሃውን ነው። ሞላዎቹ ሁለቱን ብረቶች ግራና ቀኝ ገፍተው ከጥርሶቹ ጀርባ ያጣብቋቸዋል። መያዙን ይይዛል። የሚይዘው ግን ብረት ብረትን እየፈተገ ነው።

አንዱን ቁራጭ አንሥተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ለስላሳ ብረት ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ።

«ከየት አገኘኸው?»

«ከኢንተርኔት አዘዝኩት። ሲገጥሙት በቪዲዮ አይቻለሁ፤ ልነግርህ እችላለሁ።»

«ልትነግረኝ?» አሉ፤ ሳያስቡት ፈገግ ብለው። ልጁም ሳቀ። ያን ሳቅ ከሰሙ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር።

አብረው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። ዘይቱን አፈሰሱ፣ አክሰሎቹን ነቀሉ፣ ሞተሩን በክሪክ ደግፈው ካምቢዮውን ከፍሪሲዮኑ አላቀቁ። ጋሽ ካምቢዮ ዓይናቸውን ከብረቱ ሳያነሡ እጃቸውን ወደ ጎን ይዘረጋሉ፤ ልጁ ሳይጠየቅ የሚያስፈልጋቸውን ኪያቤ መዳፋቸው ላይ ያኖራል። ልጅ ሳለ እንደዚያ ነበር። እጁ አልረሳም። ካምቢዮውን ተጋግዘው ሲያወርዱት ክብደቱ ሁለቱንም አስቃሰታቸው።

«አርጅተሃል አባዬ።»

«አንተ ነህ ጫፉን ይዘህ የምታጭበረብረው።»

ምሳቸውን በኮፈኑ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው በሉ፤ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል። ልጁ በአንድ ጉንጩ እያኘከ ስለ ክለቡ አወራ፤ ስለ ዳገቱ፣ ስለ መጨረሻው ጥምዝ፣ በዚያ ጥምዝ ላይ ስለተገለበጠ አንድ ጉረኛ። ጎሚስታው ከወዲያ ሆኖ፣ «አጅሬ፣ እዚያ ላይ ስትደርስ ዘለህ ውረድና ግፋት፤ ያዋጣሃል» ይለዋል። ጋሽ ካምቢዮ ሻያቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። አንጀታቸው ርሷል።

እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ወደ ሥራው ሲመለሱ ነገሩን ሊያነሡት ፈለጉ።

«ስማ፣ ይሄ ያመጣኸው ዕቃ…»

«አባዬ፣ አትጀምር።»

በክፋት አላለውም፤ እየሳቀ ነው ያለው። ሲለው ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ በሩ አየ። አንድ አፍታ ብቻ። ጋሽ ካምቢዮ ያን አስተያየት ያውቁታል። ይህ ልጅ ገና ልብሱን መቆለፍ ሳይችል ጀምሮ፣ አኩርፎ ከቤት ከመውጣቱ በፊት በሩን እንደዚያ ያይ ነበር።

«ኧረ ምንም» አሉ። «ሞላዎቹ አጫጭር ናቸው ልልህ ነበር።»

«እንደዚያ ናቸው። ቪዲዮው ላይም እንደዚያ ናቸው።»

ሲመሽ አንድ ጓደኛው ሊወስደው መጣ። ልጁ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲያልፍ የክፍሏ በር ገርበብ ብሎ አገኘው። የተነጠፈውን አልጋ አየ።

«እንግዳ አለህ እንዴ አባዬ?»

«የለም። አየር እንዲያገኝ ብዬ ነው።»

ልጁ የእናቱን ነጭ አንሶላም አየ። ከዚያ «ነገ በጠዋት እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። አልጋው እንደተነጠፈ አደረ።

በማግስቱ ልጁ እንደቃሉ በጠዋት መጣ። ዲፈረንሻሉን ፈቱት፤ ብረቶቹንና ሞላዎቹን ጋሽ ካምቢዮ በእጃቸው አስገቡ። ሞላ ተጨምቆ ሲገባ ከእጅ ያመልጣል፤ እሳቸው ግን በሁለት ካቻቪቴ አባብለው አስቀመጡት። ልጁ በአድናቆት አፉን ከፍቶ አየ። «ቪዲዮው ላይ ሰውየው እኮ ሦስቴ ግንባሩን ተመትቷል» አለ።

ልባቸው ግን ሌላ ነገር ያሰላ ነበር። ብረት ብረትን ሲፈትግ ብናኝ ያወጣል። ብናኙ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ብናኙን ተሸክሞ ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸውን ኩሽኔታዎች ያጎርሳቸዋል። ኩሽኔታ ብረት ከጎረሰ ዕድሜ የለውም። ዓመት ሳይሞላ ይህች ካምቢዮ መጮኋ አይቀርም። በጮኸች ጊዜ ደግሞ…

በጮኸች ጊዜ ወዴት ትመጣለች? ወደዚሁ ጉድጓድ። ማንስ ያመጣታል?

ይህን ሲያስቡ ደስ አላቸው። ደስ ማለቱ አሳፈራቸው፤ ግን አልለቀቃቸውም። ቢናገሩ ልጁ ያንን በር ያያል። ዝም ቢሉ ይመለሳል። ዕድሜ ልካቸውን እውነት ተናግረው ያገኙት ባዶ ክፍል ነው።

«ዘይት አልቆብኛል» አሉ። «ከማዞሪያው ካለው ሱቅ ሂድና ግዛ፤ ወፍራሙን በለው።»

ልጁ ወጣ። ጋሽ ካምቢዮ ወደ መደርደሪያው ሄዱ። እዚያ ላይ የሚስታቸው አሮጌ ሬዲዮ ነበር፤ ድምፁ ከተዘጋ የቆየ፤ እሳቸውም ሊጠግኑት ፈትተው ሆዱን ከፍተው የተዉት። ከድምፅ ማጉያው ጀርባ ክቡን ማግኔት በካቻቪቴ ፈልቅቀው አወጡ። ዘይት ከሚረጋበት፣ ጥርስ ከማይደርስበት ከካምቢዮው ማዕዘን በማጣበቂያ ለጠፉት። ከብናኙ የቻለውን ያህል ይያዝ። ዝም ያሉትን ያህል እንኳ ባይሆን፣ ጥቂቱን ይያዝ። ከዚያ ሽፋኑን ገጠሙ፤ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቁ።

ጎሚስታው የጎማ መፍቻውን ሊዋስ መጥቶ ቆሞ ያይ ነበር።

«ምነው ጋሼ፣ ሳታሳየው ዘጋኸው?»

«ልጄ አይደል? ምን አሳየዋለሁ።»

«ባለ ከረባቱን እንኳ ከስብሰባው አስረፍደህ ያሳየኸው አንተ?»

«ሥራ የለህም አንተ?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለ ጎሚስታው፤ ምን ለማለት እንደፈለገ ራሱም አላወቀውም። መፍቻውን ይዞ ሄደ።

ልጁ ዘይቱን ይዞ ሲመለስ፣ «ዘጋኸው እንዴ? ሳላየው?» አለ።

«ሁሉን አይተህ የለም? ና፣ ግጠምልኝ።»

ካምቢዮው ወደ ቦታው ተመለሰ። የመኪናዋን ሁለት የፊት ጎማዎች በክሪክ አነሡ። ከዚህ በፊት አንዱን ጎማ በእጅ ወደፊት ሲያዞሩት ሌላው ወደ ኋላ ይዞር ነበር። አሁን ልጁ የግራውን ሲያዞር የቀኙም አብሮት ወደፊት ዞረ። ልጁ ጮኸ። ደግሞ አዞረው፤ ደግሞ ጮኸ። ከዚያ ዞሮ አባቱን ከነዘይታቸው አቀፋቸው። የጋሽ ካምቢዮ እጆች የት እንደሚያርፉ ጠፍቷቸው በአየር ላይ ቆዩ፤ በኋላ ጀርባው ላይ አረፉ።

«ዘይቱን በየወሩ መለወጥ አለብህ» አሉት፤ እንዳቀፋቸው። «ሌላ ሰው እንዳይነካው። እኔ ዘንድ አምጣው።»

«በየወሩ?»

«በየወሩ።»

«እሺ አባዬ።»

እውነትም በየወሩ መጣ። ሁልጊዜም ቅዳሜ ነበር። ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዴም ለጎሚስታው ሲጋራ። ጋሽ ካምቢዮ እሱን ከጎሚስታው ጋር ወሬ ያስይዙና ብቻቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳሉ። ማፍሰሻውን ሲፈቱት ዘይቱ ብር እንደተፈጨበት እያብረቀረቀ ይወርዳል። መቀበያውን ዕቃ እንዳይታይ ጨርቅ ያለብሱትና ወደ በርሜሉ ይገለብጡታል። ማፍሰሻው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ መሰል ብረት በጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ኪሳቸው ይከታሉ። ወጥተው አዲሱን ዘይት ሲሞሉ ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ያወራቸዋል። አንድ ቅዳሜ መሽቶበት በዚያች ክፍል አደረ። ጠዋት የተጠቀመበትን አንሶላ ራሱ አጥፎት አገኙ፤ እናቱ እንደምታጥፈው፣ በአራት።

በየጊዜው ሊነግሩት ያስባሉ። ከፍተው ያንን ርካሽ ብረት ሊያወጡት ይችሉ ነበር። ግን ካምቢዮ ከተከፈተ ይታያል፤ ከታየ ይጠየቃል። አንድ ጊዜ ልባቸውን አጠንክረው፣ «አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» ብለው ጀመሩ።

ልጁ ቀደማቸው። «እኔም አለኝ! ክለቡ እጩ አደረገኝ። ከዳገቱ ውድድር በኋላ ይወስናሉ። አንተ ምን ልትለኝ ነበር?»

«ጎማህ ንፋስ አንሶታል፤ ሙላው ልልህ ነበር።»

«ጎሚስታው ይሰማሃል፣ ዋጋ ይጨምራል» አለ ልጁ።

ከውድድሩ በፊት የመጨረሻው ቅዳሜ ነበር። ልጁ መኪናዋን ወደ ግቢው ሲያስገባ ጋሽ ካምቢዮ ቀና አሉ። በሦስተኛ ማርሽ መጥቶ ወደ ሁለተኛ ሲያወርድ አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰምተዋል፤ ከሩቅ የሚፈላ ጀበና የሚያሰማትን የምትመስል። ሌላ ሰው አይሰማትም። እሳቸው ሰሟት። ኩሽኔታ ነው።

«እሁድ መጥተህ እየኝ» አላቸው ልጁ። «ከዳገቱ ጥግ ሰው የሚቆምበት ቦታ አለ።»

«ጋራዡን ለማን ትቼ? ሲያልቅ ትነግረኛለህ።»

ይህን ውድድር ይጨርስ አሉ በልባቸው። አንድ ዳገት ነው። ከዚያ በኋላ ራሴ አምጣው እለዋለሁ፤ ራሴ ከፍቼ አሳየዋለሁ። ዘይቱን ለወጡለት፤ በሩ ድረስ ሸኙት። እሁድን ጋራዡን ዘግተው ከፍተው፣ ያልተበላሸ ነገር ፈትተው ሲገጥሙ ዋሉ። ስልካቸው አልጮኸም።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ነው። ማክሰኞ ቀትር ላይ ልጁ በእግሩ መጣ። ቅዳሜ ሳይሆን፣ መኪና ሳይኖረው። ግንባሩ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ጋሽ ካምቢዮ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆነው መጀመሪያ ጫማውን አዩ፤ ከዚያ ፕላስተሩን።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም። ተጭሬ ነው።» ድምፁ የተረጋጋ ነበር። «የመጨረሻው ጥምዝ ላይ ካምቢዮው ነከሰ። ሁለቱም ጎማ ቆመ። መኪናዋ ወደ ቦዩ ገባች። አስተሳስሯቸው አይደል? ሲቆሙም አብረው ነው የቆሙት።»

ጋሽ ካምቢዮ ወጡ። «የታለች? አሁኑኑ ሄደን እናመጣታለን፤ እኔ…»

«እዚያው ውድድሩ በነበረበት ከተማ አንድ መካኒክ ዘንድ ነች። ከፈተው። ሲከፍተው ጠራኝ። ‹ና እይ› አለኝ። የአንተን ነገር አስታወሰኝ።»

ከኪሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጋዜጣውን ፈታው። ክቡ ማግኔት ነበር። ዙሪያውን የብረት ብናኝ ጢም አብቅሎ ቡችላ መስሏል።

«መካኒኩ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ይህን የሠራ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ብረቱ እንደሚረግፍ አውቆ ነው ይህን የለጠፈው› አለኝ። ‹ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? ማግኔትን ረስተውታል› ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ከየት እንደመጣ ገባኝ። የእማዬ ሬዲዮ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጀርባውን ከፍቼ ምስማር ሳጣብቅበት ነው ያደግሁት።»

ጎሚስታው ከወዲያ መዶሻውን አቁሟል።

«ታውቅ ነበር?» አለ ልጁ።

«አውቅ ነበር።»

«ከመጀመሪያው?»

«ካርቶኑን ስትከፍተው።»

«ብትነግረኝ አላስገባውም ነበር እኮ።»

ጋሽ ካምቢዮ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ንጹሕ ነበር፤ ደግመው ጠረጉት። «ቆርቆሮ ነው ብዬ ብነግርህ» አሉ፣ «ተመልሰህ ትመጣ ነበር?»

ልጁ ወደ ክፍሏ አየ፤ በሯ ክፍት ነበር፤ አልጋዋም እንደተነጠፈች።

«ዘይት ለመለወጥ የምመጣ መስሎህ ነበር?» አለ። «እኔ ሰፈር ዘይት የሚለውጥ ጠፍቶ ነው፣ በየወሩ ከተማውን አቋርጬ የምመጣው? ያን ቀን አልጋውን አይቼ እኮ ነው። አንሶላውን አየሁ። ቦታ አዘጋጅልኝ ስልህ ምን እንደመሰለህ ገባኝ። መኪናው ባይኖርም እመጣ ነበር።»

ጋሽ ካምቢዮ «አምጣት፣ እሠራታለሁ» አሉ። «ዋናውን ዕቃ ፈልጌ አስገባልሃለሁ። ሳልዘጋው አሳይሃለሁ።»

«ክለቡ ሌላ ሰው ወስዷል።» ማግኔቱን አየው፤ ሊያነሣው ፈልጎ ነበር፤ ተወው። «ካምቢዮውስ ይሠራል አባዬ። እኔ ግን ከአሁን በኋላ ደህና ነው ስትለኝ ምኑን ልመን?»

በሩን አየ። አንድ አፍታ ብቻ። ከዚያ ወጣ።

ጎሚስታው መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። አንድ ቀልድ ፈለገ፤ አላገኘም።

ልጁ መኪናዋን ለዚያ ለከፈታት መካኒክ እንደተፈታች ሸጠለት። በሚቀጥለው ቅዳሜም፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎችም አልመጣም። ጋሽ ካምቢዮ ተመልሶ የመጣውን የዚያን ቫን ካምቢዮ አውርደው ሠሩት። ሊዘጉት ሲሉ ባለቤቱን ጠሩት። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ስልክ ያወራ ነበር፤ ዝጋው በማለት በእጁ ምልክት አሳያቸው። ሳያየው ዘጉት።